ሌሊት የሚቀዘቅዝ ቤት፦ ለድሬዳዋ ሙቀት የሚስማማ የመኖሪያ ቤት ንድፍ ደረጃ በደረጃ

ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ቤት ሠርተው በመጀመሪያው ግንቦት ፍራሽ ተሸክመው ወደ ግቢ የሚወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ግንበኛው ጎበዝ ነበር፣ ሲሚንቶውም አልተሰረቀም። ችግሩ የአዲስ አበባ ንድፍ ሳይለወጥ እዚህ መተከሉ ነው፤ ሰፊ መስታወት፣ አጭር የጣሪያ ክፈፍ፣ ዙሪያውን የታሸገ ኮርኒስ። ቀጥሎ ቬንትሌተር ይገዛል፣ ከዚያ ኤሲ፣ ከዚያ በየወሩ የመብራት ሂሳብ ጭቅጭቅ።

ለሐሳብም ለገንዘብም ቅድሚያ የምትሰጡት በዚህ ተራ ይሁን፦ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የሌሊት አየር፣ በመጨረሻ የግድግዳ ውፍረት። ብዙ ሰው «ድንጋይ ቤት ይቀዘቅዛል» ብሎ ከመጨረሻው ይጀምራል። ጥላ የሌለው ወፍራም ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት አልጋችሁ ላይ ይመልሰዋል።

ከመሐንዲስ ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች፦ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር፣ 4 ሜትር ያህል እንጨት፣ አንድ ክንድ ስስ ጨርቅ፣ ሜትር፣ የስልክ ኮምፓስ እና አንድ ሳምንት። ኮምፓሱን ፌሮ ወይም መኪና አጠገብ አትጠቀሙ፤ ያሳስታል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን አንብቡ

1. ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ይህ ከሙቀቱም ይቀድማል። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በደንገጎ በኩል ተራሮቹ ላይ የዘነበው ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው እንዲሁ ነው። ሠፈሩ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ ሽማግሌዎችን «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በሏቸው፤ ግድግዳ ወይም ዛፍ ላይ ያሳዩዋችኋል። የቤቱን ወለል ከዚያ ምልክት ቢያንስ 60 ሴ.ሜ ከፍ አድርጉ። ምልክቱ ከሰው ወገብ በላይ ከሆነ ሙሌት አትቁጠሩ፤ ቦታውን ተዉት። አሸዋው ላይ የተሸጠ ርካሽ ቦታ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

2. ነፋሱን ለኩ። እንጨቱን ቦታው መሐል ትከሉና ጨርቁን ጫፉ ላይ እሰሩ። ለ7 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ጨርቁ ወደ የት እንደሚበር ጻፉ። ዋናው የምሽቱ ነው፤ የመኝታ ቤት መስኮት የሚቀመጠው በእሱ ነው። የጎረቤት ፎቅ ነፋስ ስለሚያዞር ሌላ ሠፈር የተለካው ለእናንተ አይሠራም።

3. የጎረቤትን ጥላ መዝግቡ። በምዕራብ በኩል ፎቅ ካለ ዕድለኞች ናችሁ።

ደረጃ 2፦ ቤቱን አዙሩ፣ ክፍሎቹን ደልድሉ

ረጅሙን ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርጉት፤ መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ይዩ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ደግሞ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች። ሰሜንና ደቡብን በትንሽ ክፈፍ መከለል የሚቻለው ለዚህ ነው። ምሥራቅና ምዕራብን ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ክፈፍ አያድናቸውም።

የክፍል ድልድሉ፦

- ምዕራብ፦ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ፣ ዕቃ ቤት፣ ደረጃ። ማንም ረጅም ሰዓት የማይቀመጥባቸው ክፍሎች የከሰዓቱን ፀሐይ ይቀበሉ።
- ሰሜን ወይም ሰሜን ምሥራቅ፦ ሳሎን። ከተማው ከቀትር በኋላ ሱቁን ዘግቶ ጋደም የሚልበት፣ በርጫ የሚቀመጥበት ሰዓት ቤቱ በጣም የሚፈተንበት ነው።
- የምሽቱ ነፋስ የሚገባበት ጎን፦ መኝታ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ግድግዳ ላይ መክፈቻ ይኑራቸው።
- ወጥ ቤት፦ ከዋናው ቤት ለይታችሁ ሥሩ፣ ካልተቻለም ነፋሱ በሚወጣበት ጫፍ አድርጉት። ምጣድ ያለበት ክፍል ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ አይጋራ።

ቦታው ጠባብ ሆኖ ቤቱ የግድ ወደ ምዕራብ ፊቱን ካዞረ፣ ከደረጃ 3 የምዕራቡን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ጥላውን በቁጥር ሥሩ

«ትንሽ ክፈፍ አውጣለት» ብላችሁ ለግንበኛ አትተዉ። ትንሽ ማለት ለእሱ 30 ሴ.ሜ ነው።

መጀመሪያ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ እስከ ክፈፉ ሆድ ያለውን ቁመት ለኩ።

- ደቡብ፦ ቁመቱን በ0.65 አባዙ። ቁመቱ 1.40 ሜትር ከሆነ ክፈፉ 90 ሴ.ሜ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ትገባለች፤ በዚያ ወር አትጎዳም።
- ሰሜን፦ ቁመቱን በ0.40 አባዙ። ለ1.40 ሜትር 56 ሴ.ሜ፣ በተግባር 60 ይሁን። «ሰሜን ፀሐይ የለውም» የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ሰኔ ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት።
- በሁለቱም ክፈፉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 50 ሴ.ሜ ይለፍ። አለዚያ ጠዋትና ከሰዓት በጎን ትገባለች።
- ምዕራብ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ለዚያው 1.40 ሜትር መስኮት 2.40 ሜትር ክፈፍ ያስፈልጋል፤ ያ በረንዳ ነው። በረንዳ ካልተቻለ መስኮት አታድርጉ። የግድ ከሆነ ከውጭ በኩል ቁመት ያለው ግርዶሽ ግጠሙ፦ የእንጨት ዘንግ፣ ሰሌን፣ ወይም ቀዳዳ ያለው ብሎኬት።

መጋረጃ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው፤ መጋረጃው ብርሃኑን ብቻ ነው የሚይዘው።

የሚበላሸው የት ነው? ክፈፉ ከግድግዳው ጋር አብሮ በአርማታ ሲሞላ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ግድግዳው ያስገባል፣ ሥሩም የሞቀ አየር ይታቆርና መስኮት ሲከፈት እሱ ይገባል። ከግድግዳው 5 ሴ.ሜ ክፍተት ያለው የብረት ወይም የእንጨት ክፈፍ ይሻላል፣ ዋጋውም ያንሳል። ክፍተቱ ዝናብ የሚያስገባ ከመሰላችሁ በላዩ ጠባብ ላሜራ ከግድግዳው አስወጡ።

ደረጃ 4፦ ጣሪያው

በዚህ ከተማ ገንዘባችሁ በጣም የሚፈለገው እዚህ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ግድግዳዎቹ ሁሉ ተደምረው የማያገኙትን ሙቀት ጣሪያው ብቻውን ይቀበላል።

ሀ. ቆርቆሮ ከሆነ

1. ቀለሙ ነጭ ወይም በጣም የፈካ ይሁን። አረንጓዴና ቀይ ያምራል፣ ግን ይሞቃል። አዲስ ቆርቆሮ ቅባት ስላለው ቀለም ይላጥበታል፤ በሳሙና አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ ነው የውጭ ቀለም የሚቀባው። ኖራ ቆርቆሮ ላይ አትቀቡ፤ ዚንኩን ይበላዋል።

2. ከወራጁ በታች የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሉህ ዘርጉ፣ የሚያበራው ፊት ወደ ታች፣ ከሥሩ ቢያንስ 3 ሴ.ሜ ባዶ አየር ይኑር። ወደ ላይ ከዞረ በአንድ ዓመት አቧራ ይለብስና ሥራውን ያቆማል። ኮርኒሱ ላይ ዝም ብሎ ማንጠፍም ያው ነው።

3. የኮርኒሱን ሆድ አስተንፍሱ። በሁለቱም ረጅም ጎኖች፣ በክፈፉ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሴ.ሜ ክፍተት ተዉ። በጣሪያው አናት ላይ ደግሞ መሸፈኛውን ከቆርቆሮው 5 ሴ.ሜ ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝናብ እንዳይገባ በየጎኑ 20 ሴ.ሜ አስረዝሙት። የሞቀው አየር በአናት ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካዋል። አንዱ ብቻ ካለ አየሩ አይንቀሳቀስም።

4. ክፍተቶቹን ሁሉ በ6 ሚ.ሜ የሽቦ ወንፊት ዝጉ። ካልዘጋችሁ በሁለት ወር ውስጥ የሌሊት ወፍ ይከራያችኋል፤ ሽታውን ማስወጣት ከወንፊቱ አሥር እጥፍ ያስወጣል።

5. እንጨቱ ምስጥ የሚከላከል ይቀባ፤ በተለይ ከግንብ ጋር የሚነካካው። ኮርኒሱ ላይ ጭድ ወይም ሣር ለሙቀት መከላከያ አትደርድሩ፤ ምስጥና እሳት ትጋብዛላችሁ።

ለ. ሶሌታ (ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ) ከሆነ

ለብቻው የተጋለጠ ሶሌታ ከምሽቱ 6 ሰዓት አልፎም ይግላል። ሁለት መፍትሔ አለ። ርካሹ በየመስከረሙ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ ነጭ ኖራ መቀባት ነው፦ 25 ኪሎ ኖራ በ50 ሊትር ውሃ አንድ ቀን ዘፍዝፉ፣ በወንፊት አጥልሉ፣ 2 ኪሎ ነጭ ኮላ ጨምሩ፣ ጣሪያውን አርጥባችሁ ሦስት ስስ እጅ ቀቡ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ኖራ ዓይን ያጠፋል። ጨው ጨምሩ የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት፣ ፌሮውን ያዝገዋል።

የሚሻለው ድርብ ጣሪያ ነው፦ ከሶሌታው 50 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ፣ ጎኑ ሁሉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ። ዓላማው ጥላ ብቻ ስለሆነ ቀጭን ቆርቆሮ ይበቃል፤ እግሮቹ ግን ሶሌታው ውስጥ በቡሎን ይታሰሩ። የክረምት አውሎ ነፋስ በሚስማር ብቻ የተያዘውን አንሥቶ ጎረቤት ግቢ ያወርደዋል።

ደረጃ 5፦ ግድግዳ

40 ሴ.ሜ የድንጋይ ግንብ ውጭ የመታውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከ10 ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ 20 ሴ.ሜ ብሎኬት ደግሞ በ5 እና በ6 ሰዓት መካከል። ይህን ከእንቅልፋችሁ ጋር አስሉት። ከቀኑ 9 ሰዓት የጋለ የምዕራብ ብሎኬት ግድግዳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉን ያሞቃል። ልክ ስትተኙ።

ስለዚህ ለሳሎንና ለቀን ክፍሎች ወፍራም ድንጋይ ወይም የተጨመቀ የአፈር ብሎክ ተጠቀሙ፤ ቀን ይይዛል፣ ሌሊት ሲለቅ ማንም የለበትም። ለመኝታ ቤት ብሎኬት ይበቃል፣ ግን ጥላ ውስጥ ይሁን። የምዕራቡን ግድግዳ በሚከተሉት በአንዱ ከልሉ፦ ከግድግዳው 30 ሴ.ሜ ርቆ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚወጣ ቡጋንቪላ፣ ወይም 60 ሴ.ሜ ርቆ የቆመ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት። ተክሉ ግድግዳውን ይንካ ካላችሁ ልስኑን ትከፍሉበታላችሁ።

ለግንበኛው የምትነግሩት፦

- ውህዱ ለግንብም ለልስንም 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ። ንጹሕ ሲሚንቶ ልስን በዚህ ፀሐይ ይሰነጠቃል።
- አሸዋው ከወንዙ የመጣ ከሆነ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጡትና አንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ የተኛው ጭቃ ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ካለፈ አጥቡት ወይም መልሱት።
- ልስን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ይሠራ። ብሎኬቱ ከመገንባቱ በፊት ይርጠብ።
- ግንቡም ልስኑም 7 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ይጠጣ፤ አርማታው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በሦስተኛው ቀን «ደርቋል» ይሏችኋል። ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም።

ልስኑ እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጠቀ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፣ በቀጭን የኖራ ውህድ ይሸፈናል። ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግን ከሥሩ ለቋል፤ አንሡት።

ደረጃ 6፦ የሌሊት አየር

1. ነፋሱ በሚገባበት ግድግዳ ዝቅ ያለ መክፈቻ (ከወለሉ 40–60 ሴ.ሜ፣ አልጋ ላይ እንዲያልፍ)፣ በተቃራኒው ግድግዳ ኮርኒሱ ሥር ከፍ ያለ መክፈቻ አድርጉ። ለ12 ካሬ ክፍል እያንዳንዱ ቢያንስ 1.2 ካሬ ይከፈት። ተንሸራታች መስኮት ግማሹን ብቻ ስለሚከፍት ለ1.2 ካሬ 2.4 ካሬ ያስፈልገዋል፤ የሚከፈት ማጠፊያ ያለው ይሻላል።

2. የትንኝ ወንፊት ግጠሙ። ወንፊት የአየሩን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚይዝ መክፈቻውን አስቀድማችሁ አስፉ። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉኒያ በ2011 ዓ.ም. ከተማዋን ስለመቱ ያለ ወንፊት ክፍት መስኮት አይታሰብም።

3. ፍርግርግ ብረት ከወንፊቱ ውጭ ይሁን። ሌባ ፈርታችሁ ሌሊት የምትዘጉት መስኮት ቢኖር ባይኖር አንድ ነው።

4. የመክፈቻ ሰዓት፦ አንዱን ቴርሞሜትር ውስጥ፣ አንዱን ውጭ ጥላ ሥር ስቀሉ። የውጭው ከውስጡ ዝቅ ሲል ሁሉንም ክፈቱ፤ ጠዋት የውጭው ሲያልፈው፣ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ገደማ፣ መስኮትም መጋረጃም ዝጉ። ከባዱ ቤተሰቡን ማሳመን ነው። «ይናፈስ» ብሎ እኩለ ቀን ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው የሌሊቱን ሥራ በአንድ ሰዓት ያፈርሰዋል።

ተከፍቶም ካልቀዘቀዘ ሻማ ወይም ዕጣን ለኩሱና ጭሱን ተከተሉ። ጭሱ ከተንጠለጠለ መውጫው ተዘግቷል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የመኝታ ቤቱ በር ነው። ከበሩ በላይ የሚከፈት መናፈሻ አስወጡ።

ደረጃ 7፦ የዝናብ ውሃ

የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ የሻይ ጀበናችሁ ይመሰክራል። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ለልብስ፣ ለሻይና ለሶላር ማጠቢያ ይመረጣል።

1. ሒሳቡ፦ 1 ሚ.ሜ ዝናብ በ1 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው፤ አምስተኛው ይባክናል። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ የ20 ሚ.ሜ ዝናብ ወደ 1,280 ሊትር ይሰጣል። 5,000 ሊትር ሮቶ ለመጀመሪያ ይበቃል።

2. አሸንዳው 15 ሴ.ሜ ስፋት፣ በየ2 ሜትሩ 1 ሴ.ሜ ይዝቀጥ። የሚወርደው ቧንቧ ባለ 110 ሚ.ሜ ይሁን፤ የዚህ አገር ዝናብ ጥቂት ደቂቃ ዘንቦ ሁሉንም ይጥላል።

3. የመጀመሪያውን ውሃ ድፉ። ለ80 ካሬ 80 ሊትር። ባለ 110 ቧንቧ በሜትር 8 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሚይዝ፣ በረጅም ቧንቧ ከመሞከር ክዳን ያለው በርሜል ከሮቶው በፊት አስቀምጡ። ሥሩ ትንሽ ቧንቧ ይኑረውና በማግሥቱ ባዶ ይሁን።

4. ሮቶው የሚቆምበት መሠረት፦ 5,000 ሊትር 5 ቶን ነው። የተጠቀጠቀ ድንጋይ ላይ 15 ሴ.ሜ አርማታ። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያገኘው ሮቶ ከሰዓት በኋላ ቧንቧውን ስትከፍቱ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው።

5. የመግቢያውን፣ የክዳኑን እና የትርፍ ውሃ መውጫውን ቀዳዳ ሁሉ ከ1.5 ሚ.ሜ በማይበልጥ ወንፊት ዝጉ። ይህን የምንደጋግመው በምክንያት ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፣ በሮቶና በበርሜል ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ የተነሣው ወባም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ውሃው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ትል ካያችሁ አንድ ቀዳዳ ረስታችኋል። ውሃውን ለተክል አፍስሱ፣ የሮቶውን ግድግዳ ፈግፍጉ፣ ቀዳዳውን ፈልጉ።

ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። ጣሪያው ገና ከተቀባ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዝናቦች አትሰብስቡ።

ደረጃ 8፦ ግቢ

ሊሾ ያደረጋችሁት ግቢ ሁሉ ሁለተኛ ምድጃ ነው። መኪና የሚያልፍበትን ብቻ አንጥፉ። ከምዕራብ በኩል ኒም ትከሉ፣ ከቤቱ 5 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ታንኩ 10 ሜትር ርቀት ይጠብቅ፤ ቅጠሉ አሸንዳ ስለሚሞላ ጣሪያ ላይ አያንዣብብ። ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ በፍጥነት ያድጋል ብሎ የሚያመጣላችሁን መልሱት፣ ሠፈሩን ሁሉ ይወርራል። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደ ሙዝና ፓፓያ ሥር ይሂድ፤ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሁን።

ሐረር ላይ ከሆነ

ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሒሳቡ ይለወጣል። ሌሊቱ ራሱ ይበርዳል፤ የጀጎልን ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት ያለ ስጋት መከተል ይቻላል። የደቡብ ክፈፉን ወደ 50 ሴ.ሜ አሳጥሩ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ትግባ። ከደረጃ 6 መክፈቻዎቹ በግማሽ ያንሱ። ደረጃ 7 ግን በእጥፍ ይሠራ፤ ሐረር ውሃ ማጠራቀም እንደሚያስፈልጋት ለሐረሬ አይነገርም።

ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ

በርካሹ ጀምሩ፦ ጣሪያውን ነጭ ቀቡ፣ ከክፈፉ ሥርና ከአናቱ አስተንፍሱ፣ የምዕራብ መስኮቶችን ከውጭ በሰሌን ከልሉ። አንድ ሳምንት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አንብቡ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ውስጡ አሁንም ከውጭ ከ3 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ግድግዳ ለመብሳት ግንበኛ የሚጠራው ያኔ ነው፤ መጀመሪያ የሚበሳውም በኮርኒሱ ሥር፣ ነፋሱ በሚወጣበት በኩል። ከመብሳቱ በፊት ቢሙ የት እንዳለ አስለኩ።